ኪኒን መዋጥ እምነት ማጣት ነውን?

አንባቢ ሆይ፤ በአንድ ከተማ የሚማር ወጣት ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ ነገር ግን ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ማታ ማታ እየዋጠ አንድ ዓመት ያህል ሳይወድቅ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ወደ አንድ የጸሎት ጉባኤ ሄደ። በዚያም የጸለየለት ሰው እጁን ከጫነበት በኋላ፥ «ተፈውሰሃል፤ ካመንህ መድኃኒቱን ጣለው፤ ከያዝኸው ግን አላመንህም» አለው። ወጣቱም ስላመነ ጣለው። በአምስተኛው ሌሊት በሽታው ተነሣበት፤ አንዱ ሳይለቀው ሌላው እየተከተለ ጣለው። ጓደኞቹ በጨለማ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱት፤ እግዚአብሔርም ነፍሱን አተረፈለት።

ነገር ግን ከአልጋው በተነሣ ጊዜ ያሳዘነው የሥጋው ድካም አልነበረም። «እንግዲህ እኔ የማላምን ሰው ነኝን?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን የምጽፍልህ ስለዚህ ጥያቄ ነው፤ ምናልባት ያንተም ጥያቄ ይሆናልና። የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ወይም አስም ይዞህ በየቀኑ መድኃኒት የምትወስድ ብትሆን፥ ነገሩ ላንተም ያው ነው።

አስቀድሞ በሽታው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። የሰው አንጎል ሥራውን የሚሠራው በውስጡ በሚተላለፍ ጥቂት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ይህ ኃይል በድንገት ከመጠን አልፎ በታወከ ጊዜ ሰውየው ይወድቃል፥ ይንቀጠቀጣል፥ አረፋ ይደፍቃል፤ ወይም ሳይወድቅ ለጥቂት ጊዜ ፈዝዞ ይቀራል። መነሻው በራስ ላይ የደረሰ ጉዳት፥ ወይም ማጅራት ገትር፥ ወይም በወሊድ ጊዜ የደረሰ ችግር፥ ወይም የዘር ነገር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ አይታወቅም። በአረፋውም በትንፋሹም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፥ በሽታው በወጉ ታውቆ ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ ከ100 ሰዎች እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት፥ ዋጋው ትንሽ የሆነው፥ ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ነው። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች መውደቁን ይከለክላሉ እንጂ የበሽታውን ሥር አይነቅሉም፤ ስለዚህ በየቀኑ ይወሰዳሉ። በድንገት ቢተዋቸው ግን፥ ታግዶ የነበረው ሕመም ከፊተኛው በርትቶ ሊመለስ ይችላል፤ ሳያቋርጥ የሚጥል ከሆነም ይገድላል። በወጣቱ ላይ የደረሰው ይህ ነው። የጎደለው መድኃኒቱ ነበረ እንጂ እምነቱ አልነበረም።

በማቴዎስ ወንጌል በ17ኛው ምዕራፍ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት የአንድ ልጅ ታሪክ አለ። አባቱ ልጁ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውኃ ላይ እንደሚወድቅ ለጌታ ነገረው። የአገራችን እናቶች ይህን ያለ አስተርጓሚ ያውቁታል፤ በምድጃ አጠገብ ወድቆ እጁ ወይም ፊቱ የተቃጠለ ሕመምተኛ ያላዩ ጥቂቶች ናቸውና። ደቀ መዛሙርቱ ልጁን ሊፈውሱት አልቻሉም ነበር። ጌታ ከፈወሰው በኋላ ስለ ምን እንዳልቻሉ በጠየቁት ጊዜ፥ የእምነታቸውን ማነስ ነገራቸው። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ ተመልከት። ተግሣጹ የደረሰው በማን ላይ ነው? ሊፈውሱ በሞከሩት ላይ ነው እንጂ በታመመው ልጅ ላይ አይደለም። ልጁ ስለ እምነቱ አንዲት ቃል አልተጠየቀም። አባቱም፥ በማርቆስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ ማመኑንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ተናዘዘ፤ ጌታም «እምነትህ አልሞላምና ሂድ» ብሎ አልመለሰውም። ዛሬ ግን ነገሩ ተገልብጦ፥ የጸለየው ሰው በክብር ወደ ቤቱ ሲሄድ ያልዳነው በሽተኛ ዕዳውን ተሸክሞ ይቀራል።

ምናልባት፥ «በዚያ ልጅ ላይ የነበረው ርኩስ መንፈስ ነው፤ እንግዲህ የሚጥል በሽታ ሁሉ ከመንፈስ ነው» ትል ይሆናል። ጌታ መንፈሱን እንደ ገሠጸ ተጽፏል፤ አንክድም። ነገር ግን ያው ማቴዎስ በ4ኛው ምዕራፍ በ24ኛው ቁጥር፥ ወደ ጌታ የመጡትን በሽተኞች ሲቆጥር፥ አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ፥ በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለብቻ ይጠራቸዋል። ወንጌላዊው የለየውን እኛ አንደባልቀው። በመደባለቃችን ስንቱ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ! ስንቱስ ሊነካው የሚደፍር ጠፍቶ በወደቀበት ተቃጠለ!

አሁን «ካመንህ ጣለው» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ጌታ በመቅደስ ጫፍ ላይ በቆመ ጊዜ፥ ፈታኙ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ነገረው፤ ምክንያት አድርጎ ያቀረበውም መላእክት እንደሚጠብቁት የሚናገረውን መዝሙር ነው። መዝሙሩ እውነት ነበረ፤ የጠቀሰበት ነገር ግን ክፉ ነበረ። ጌታ አባቱን ፈጽሞ አልተጠራጠረም፤ ሆኖም እግዚአብሔርን መፈታተን ነውና አልዘለለም። ባለመዝለሉ እምነት የጎደለው ነበር የሚል ክርስቲያን ማን ነው? መድኃኒቱን በመስኮት ወርውሮ «አሁን እግዚአብሔር ይያዘኝ» የሚል ሰው በዚያው ጫፍ ላይ ቆሟል፤ ወንድሙን በዚያ እንዲቆም የሚገፋውም የማንን ቃል እንደሚናገር ራሱን ይመርምር።

ይህ ክርክር በአገራችን አዲስ አይደለም፤ የአንድ ቤተ ክርስቲያንም ብቻ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየሐኪም ቤቱ መሰጠት በጀመረበት ዘመን፥ በጠበል ያሉ ብዙ ሕመምተኞች ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እንዳለባቸው አስበው ይጨነቁ ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007፥ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። በዚህ ነገር ከእርሳቸው ጋር የማይስማማ ልብ የለኝም።

«እግዚአብሔርስ ይፈውሳልን?» ብትለኝ፥ አዎን፥ ይፈውሳል። የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ጠርቶ እንዲያስጸልይ ያዕቆብ በ5ኛው ምዕራፍ አዝዟል፤ ይህን ትእዛዝ በኪኒን የምንተካው አይደለም። ነገር ግን ጸሎትና መድኃኒት የተጣሉበትን ቦታ በመጽሐፍ ፈልገህ ታጣለህ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ፥ እግዚአብሔር 15 ዓመት እንደሚጨምርለት በነቢዩ አፍ ተነገረው፤ ተስፋው ከተነገረ በኋላ ግን ያው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያኖሩ አዘዘ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ዘወትር ሕመሙ ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መከረው፤ እምነትህ አነሰ አላለውም። ጥሮፊሞስንም ታምሞ ሳለ በሚሊጢን ተወው። ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበረ፤ የተወደደ ተብሎ ተጠራ እንጂ ሥራውን እንዲተው የነገረው የለም። በባለ መድኃኒቶች ላይ የሚጠቀሱት ሁለት ታሪኮች ናቸው። ንጉሥ አሳ የተወቀሰው እግዚአብሔርን ትቶ እነርሱን ብቻ ስለ ፈለገ ነው። 12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ገንዘቧን ጨርሳ አልተሻላትም፤ እውነት ነው፥ ዛሬም ያልፈወሱትን ሰው ገንዘብ የሚበሉ አሉ፤ ይህ ግን ከሐሰተኛ ባለ መድኃኒት እንድትጠነቀቅ ያስተምርሃል እንጂ የሚያቆምህን ኪኒን እንድትጥል አያስተምርህም።

ተፈውሻለሁ ብለህ በልብህ የምታምን ከሆነም መንገዱ ተጽፎልሃል። ጌታ ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ሄዶ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ አዘዘው፤ በሙሴ ሕግ ለምጽ መንጻቱን መርምሮ የሚያስታውቅ ካህኑ ነበረና። ጌታ የራሱን ተአምራት ከምርመራ ካልሸሸገ፥ አንተ ስለ ምን ትሸሽጋለህ? ወደ ሐኪምህ ሂድና ንገረው። ለ2 ዓመት ያህል ሳይወድቅ የቆየ ሕመምተኛ ሲያገኝ፥ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ ለመቀነስ ሐኪሙ ራሱ ሊያስብ ይችላል። ፈውሱ እውነት ከሆነ በምርመራ አይጠፋም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደረስን። 10 ዓመት ለምነህ፥ ጾመህ፥ እናትህም ስለ አንተ አልቅሳ፥ በሽታው ዛሬም አለ። ለዚህ ምክንያቱን ነግሬህ ዝም የማሰኝህ ሰው አይደለሁም። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ፤ መልስም አገኘ፤ መልሱ ግን የለመነው አልነበረም፤ መውጊያው ሳይነቀል ጸጋው እንደሚበቃው ተነገረው። ይህን ቃል ጤነኛ ሰው በአልጋህ አጠገብ ቆሞ ሲነግርህ መራራ ነው፤ አውቃለሁ። ጳውሎስ ግን የተናገረው ስለ ሌላ ሰው ሕመም አይደለም፤ ስለ ራሱ ነው፤ ከሦስተኛውም ልመና በፊት አልተናገረውም። ስለዚህ አንተ ራስህ ልትለው እስክትችል ድረስ ለምን፤ ብትፈልግም አልቅስ። ጠያቂ ሆነህ የመጣህ ደግሞ የኢዮብን ወዳጆች አስብ፤ ሰባት ቀን አብረውት በምድር ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ የተሳሳቱት ምክንያቱን መናገር በጀመሩ ጊዜ ነው።

ያ ወጣት መድኃኒቱን እንደ ገና ጀመረ፤ ወደ ጸሎትም ይሄዳል። በጉባኤ መካከል እወድቃለሁ ብሎ ግን ይፈራል፤ ስለዚህ በስተኋላ በበሩ አጠገብ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ሰው በአንተ ጉባኤ ቢወድቅ፥ ጩኸትና ግርግር አታብዛ። ከእሳትና ከስለት አርቀው፤ ነጠላህን አጥፈህ ከራሱ በታች አድርግለት፤ የአንገቱን ልብስ አላላለት። እጅና እግሩን አትጨቁነው፤ በጥርሱ መካከል ማንኪያ ወይም እንጨት አትክተት። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ምንም አይረዳውም፤ ተወው። መንቀጥቀጡ ሲበርድ በጎኑ አስተኛው፤ ምራቁ ወደ ውጭ ይፍሰስ። ሰዓትህን ተመልከት፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው። ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም፥ ያፍራልም፤ ልብሱ ረጥቦ እንደ ሆነ ጋቢህን አልብሰው፥ ስሙንም ጠርተህ የት እንዳለ ንገረው፥ ፈጽሞ እስኪነቃም ድረስ አጠገቡ ተቀመጥ።