ተዳፋት መሬትና የገበሬው ዋስትና

የኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛ ምዕራፍ ምድር የእግዚአብሔር እንደ ሆነች፣ ሰውም በላይዋ እንግዳ እንደ ሆነ ያስተምረናል፤ መሬቱም በየሰባት ዓመቱ እንዲያርፍ ያዝዛል። የደጋው ገበሬ ማሳውን በየተራ ጦም ያሳድር ስለ ነበር ይህን ትእዛዝ በሥራ ያውቀዋል። ዛሬ ግን ብዙው ቤተ ሰብ ከአንድ ሄክታር በታች ይዞ ስለሚኖር ያለ ዕረፍት ያርሳል፤ እንጨት በመጥፋቱም ለመሬቱ ፍግ ሊሆን የሚገባውን ኩበት ያነድዳል። አፈሩ ሲሳሳበትም ወደ ተራራው ወገብ ወጥቶ ተዳፋቱን ይቆፍራል። ከተሜው ይህን አይቶ ገበሬው ባለማወቅ አገሩን አጠፋ ይላል። እኛ ይህን ፍርድ አንቀበልም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኛውን ከባላባቱ ቀንበር አላቀቀ። ይህ ታላቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ለአዲስ ጎጆ ወጪ ድርሻ ለመስጠት ማሳው እንደ ገና ይሸነሸን ስለ ነበር፣ ገበሬው ዛሬ ያረሰው ነገ የማን እንደሚሆን አያውቅም ነበር። በዚያው ዘመን በወሎ፣ በትግራይ፣ በሐረርጌና በሌሎችም ተራሮች ላይ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ርዳታ ብዙ እርከን ተሠራ፤ የአንድ ቀን ሥራ ዋጋው 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ነበር። እህሉ የብዙዎችን ነፍስ ስላቆየ አናቃልለውም። ነገር ግን እርከኑ በየት እንደሚያልፍ የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ባለ ማሳው አልነበረም። እርከኖቹ ተቀራርበው በተሠሩበት ስፍራ ጥማዱ መዞሪያ አጣ፤ በድንጋዩም መካከል አይጥ ተራባ። የተከለለው ተራራ ደግሞ ለከብትም ለማገዶም ተዘጋ። በ1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፣ ዛፉም ተቈረጠ። ይህን የክፋት ሥራ ብቻ አድርገው የሚተርኩ አሉ፤ እኛ ግን ሳይጠየቅ የተሠራለት ሰው የሰጠው መልስ ይመስለናል።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተደረገው ድልድል ያንኑ ሥጋት መልሶ ቀሰቀሰው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በዚያው ክልል የይዞታ ደብተር መሰጠት ጀመረ፤ የባልም የሚስትም ስም ሰፈረበት። ሕገ መንግሥቱ በ40ኛው አንቀጽ ስለሚከለክል በደብተሩ መሬት አይሸጥም። ሆኖም ደብተር በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ገበሬው እርከን ለመሥራትና ለመጠገን ይበልጥ እንደ ተጋ ጥናቶች ያመለክታሉ። 

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 በጻፉት “ላውዳቶ ሲ” በቁጥር 94 የፓራጓይ ጳጳሳትን ትምህርት አስታውሰው፣ ገበሬ ቤተ ሰቡን የሚያኖርበት ተገቢ መሬት የማግኘት የተፈጥሮ መብት እንዳለው፣ ከመሬቱም ጋር ትምህርት፣ ብድር፣ መድንና ገበያ እንደሚያስፈልጉት አስተምረዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የዘሌዋውያንን ምዕራፍ ስታስተምሩ ጉባኤው በእነዚህ ጥያቄዎች እንዲወያይ አድርጉ። በሰበካችን የተከለለው ተራራ ሣሩና ማሩ ለማን ይደርሳል? መሬት ያልደረሳቸው ወጣቶች ድርሻ አላቸውን? ባልዋ የሞተባት እናት ደብተርዋ በእጅዋ ነውን?