ለነባር ነዋሪዎች የሚሰጥ ክብር፦ የአንድ ምርኩዝ ታሪክ



በሀገራችን አንድ አረጋዊ ወደ ተቀመጥንበት ቤት ሲገቡ «ኖር!» ብለን ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ እርሳቸውም «በእግዚአብሔር» ብለው ያስቀምጡናል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 32 ስለ ሽበት ክብር የተሰጠውን ትእዛዝ ለልጆች ስናስተምር ሩቅ መሄድ የማያስፈልገን ስለዚህ ነው፤ ልጆቹ ቃሉን ከመስማታቸው በፊት ሥራውን በቤታቸው አይተውታል። ይሁን እንጂ በቤት ውስጥ ለአንድ ሰው መነሣት አንድ ነገር ነው። አንድ ከተማ ወይም አንድ ቁምስና የምሥረታውን በዓል ሲያከብር፣ በሥፍራው ለብዙ ዘመን ለኖሩት በአደባባይ ክብር ሲሰጥ ግን ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ማን ይጠራል? በምንስ ይለካል? ይህን ለመመርመር ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንወስዳለን፤ የራስን ጉድለት በሌላው ታሪክ ውስጥ ማየት ይቀላልና።

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኒው ኢንግላንድ በሚባለው ክፍል የሚገኙት ትናንሽ ከተሞች በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ሰው እየራቃቸው ነበር። መሬቱ ድንጋያማ በመሆኑ ወጣቶቹ እርሻቸውን እየተዉ ከፊሎቹ ወደ ምዕራቡ ለም ሜዳ፣ ከፊሎቹ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ፈለሱ። የኒው ሃምፕሻየር አገረ ገዢ የነበሩት ፍራንክ ሮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1899 ዓ.ም. ከየመንደሩ የወጡት ሁሉ ለአንድ ሳምንት ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመልሰው በዓል እንዲያደርጉ ጥሪ አቀረቡ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፦ የተመለሰው ልጅ የፈረሰውን ቤት ያያል፤ ካየ ደግሞ እጁን ይዘረጋል። በዓሉ ተለመደ፤ ዛሬም በርካታ ከተሞች ያከብሩታል፤ በዕለቱም ነባር ነዋሪዎችን ማክበር ልማድ ሆኖ ቀርቷል። ልጆቹ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር የሄዱበት የገጠር ቁምስና ካህን ይህን ሲያነብ የራሱን መንደር ማየቱ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በኦገስት ወር ደግሞ የቦስተን ፖስት ጋዜጣ አሳታሚ ኤድዊን ግሮዚየር ለዚያ አካባቢ 700 ያህል አነስተኛ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው አንድ ምርኩዝ ላኩ። ምርኩዙ ከኮንጎ ከመጣ ጥቁር የዞጲ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ እጀታው በ14 ካራት ወርቅ የተለበጠ ነበር። በወርቁ ላይ የከተማው ስም፣ ስጦታው ለከተማው አንጋፋ ዜጋ መሆኑና ከእርሱም ወደሚቀጥለው መተላለፍ እንዳለበት ተቀርጿል። አሳታሚው ጋዜጣቸው በብዛት እንዲሸጥ ማሰባቸውን አንክድም። ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ልማዱ ግን በብዙ ከተሞች እስከ ዛሬ ይኖራል። ንጹሕ ካልሆነ ሐሳብም መልካም ነገር ሊወጣ እንደሚችል ማወቅ ለእኛም መጽናኛ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። በመጀመሪያ፣ ምርኩዙ የሰውዬው አልነበረም፤ የከተማው ነበር። አረጋዊው በሕይወት ሳለ ይይዘዋል፤ ሲሞት ግን ወደ አስተዳደሩ ተመልሶ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ክብሩ በአንድ ሰው ላይ ያርፋል እንጂ በእርሱ ላይ አያበቃም። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን ዘንግተው የአባታቸው ርስት አድርገው አስቀሩት፤ ከከተማው ይዘውት የወጡም፣ የሸጡትም አልጠፉም። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ ከተሞች ዋናውን በመስታወት ሣጥን ቆልፈው ለተሸላሚው አምሳያውን ወይም የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ምርኩዙ የተላከው ለወንዶች ብቻ ነበር። በከተማው ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያላት ሴት ብትኖርም እንኳ ምርኩዙ በዕድሜ ለሚያንሳት ወንድ ይሰጥ ነበር። ሴቶች እንዲቀበሉት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ከብዙ ክርክር በኋላ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በአደባባይ ክብር ሲሰጥ የእናቶች ስም ሳይጠራ አለፈ ማለት ነው። በተጨማሪም «አንጋፋ» የሚለው ቃል ራሱ አከራካሪ ሆነ። ትናንት ወደ ከተማው የገባ የዘጠና አምስት ዓመት ሽማግሌ ይቅደም ወይስ ዘጠና ዓመት ሙሉ በዚያው የኖረው? አንዳንድ ከተሞች ይህን ለመወሰን የነዋሪነት ዘመን ደንብ አወጡ። ምርኩዙን አንቀበልም ያሉ አረጋውያንም ነበሩ፤ የተቀበለው ሁሉ ቶሎ ይሞታል የሚል ወሬ ስለነበረና ከሁሉ አሮጌ ተብሎ መጠራትንም ስላልወደዱ። በእነርሱ ላይ አንስቅም። ክብር የምንሰጠውን ሰው አስቀድመን ካልጠየቅነው ክብሩ ሸክም ሊሆንበት ይችላል።

በጃፓን ሂዮጎ በሚባለው ክፍለ ሀገር ትገኝ የነበረችው የኖማዳኒ መንደር በሌላ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1947 መንደሪቱ ከ55 ዓመት በላይ የሆኑትን ሁሉ ጠርታ ማዕድ አቀረበችላቸው፤ ዝግጅትም አሳየቻቸው። አንዱን መርጣ ሌላውን አላስቀረችም። ልማዱ ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በእኛ አስተያየት ይህኛው መንገድ ለቁምስና ይበልጥ ይስማማል።

ይህን የምንለው ከነቀፋ ነጻ ሆነን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባገለገልንበት አንድ ቁምስና የቤተ ክርስቲያኑ ሕንፃ ኃምሳኛ ዓመት ሲከበር ለነባር ምዕመናን ጋቢ እንድንሸልም ተወሰነ። የስም ዝርዝሩን ያወጣነው ከመዋጮ መዝገብ ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ተጠሩ፤ ዘጠኙም ወንዶች፣ ከእነርሱም አምስቱ ለረጅም ዘመን በሌላ ከተማ የኖሩ ነበሩ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኛም ደስ አለን። ከበዓሉ በኋላ ከትምህርተ ክርስቶስ ተማሪዎቻችን አንዲት ልጅ ቀርባ፣ «አባ፣ እማማ ለምን አልተጠሩም? ለግንቡ ድንጋይና ውኃ የተሸከሙት እሳቸው መሆናቸውን አያቴ ነግራኛለች» አለችን። የምትላቸው ባልቴት በበዓሉ ቀን ከግንቡ ጥግ ተቀምጠው ነበር፤ አይተናቸው አልፈናል።

በሳምንቱ ጋቢ ይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን። ስንገባ ግድግዳውን ተደግፈው «ኖር!» እያሉ ተነሡልን። ልንነሣላቸው የሚገባን እኛ ሳለን! ጋቢውን ተቀብለው፣ መርቀውን፣ ከአጠገባቸው አስቀመጡትና «የሌሎቹስ?» አሉን። ከዚያም አብረዋቸው ከወንዝ ውኃ ያመላለሱትን የሰባት ሴቶች ስም አንድ በአንድ ቆጠሩልን። ሰባቱም ሞተዋል። በቁምስናው የሕንፃ ታሪክ ውስጥ አንዳቸውም አልተጻፉም። እማማ የጠየቁን ሽልማት ሳይሆን ስሞቹ በቅዳሴ ጊዜ በሙታን መታሰቢያ እንዲጠሩ ብቻ ነበር፤ በቀጣዩ እሑድ ጠራናቸው።

ከዚያ ወዲህ የምንሠራበትን መንገድ ለመምህራን እንገልጻለን። ከበዓሉ ሁለት ወር አስቀድሞ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ወደ አረጋውያን ቤት ይሄዳሉ። መቼ ወደ ሥፍራው እንደ መጡ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ወይም ለትምህርት ቤቱ ምን እንደ ሠሩ፣ ከማን ጋር እንደ ሠሩ ይጠይቃሉ። ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ በመዝገብ የሌሉት ሰዎች የሚገኙት በእርሱ ነውና። ካቶሊክ ያልሆኑ ጎረቤቶችም ይጠየቁ፤ ድንጋዩን ሲሸከሙ ሃይማኖታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። የተጻፈው በበዓሉ ቀን የሚነበበው ባለቤቱ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. የደነገጉት የአያቶችና የአረጋውያን ዓለም አቀፍ ቀን በጁላይ ወር አራተኛ እሑድ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ዝናብና ጭቃ ስለሆነ ብዙ አረጋውያን ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት አይችሉም። ስለዚህ በዚያ ዕለት ወደ እነርሱ መሄድ የእኛ ፋንታ ይሆናል፤ ልጆቹም ቤቶቹን አስቀድመው ስለሚያውቁ መንገድ ይመራሉ።

ደብተሩን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለን። በካህኑ መኖሪያ ቤት አይቀመጥ፤ እኛ ካህናት እንዛወራለንና። ከጥምቀት መዝገብ ጎን በቁምስናው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ቆሞሱ ሲለወጥም ከሌሎቹ መዛግብት ጋር ተቆጥሮ በፊርማ ለተተኪው ይተላለፍ።