ቀስት፣ ርቀትና ኅሊና

የሰው ልጅ እንስሳትን ከራቀ ቦታ ሆኖ ለመግደል ከፈለሰፋቸው መሣሪያዎች መካከል እንደ ቀስት ረጅም ዕድሜ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ጠመንጃ ከተስፋፋ ብዙ መቶ ዓመታት ቢያልፉም፣ ለዕለት ጉርሳቸው አደን የማያስፈልጋቸው የከተማ ነዋሪዎች ዛሬም ጠመንጃውን ትተው ቀላል የእንጨት ቀስት ይዘው ወደ ጫካ ይገባሉ። ለምን ይሆን? ደካማውን መሣሪያ መምረጥስ ለሚታደነው እንስሳ ምን ትርጉም አለው? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በፊዚክስና በሥነ ሕይወት ዕውቀት ታግዘን ለመመርመር እንሞክራለን። የሁለቱም መልስ ባመዛኙ ከአንድ ነገር ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እርሱም ርቀት ነው።

ቀስት እንደ ጉልበት ማከማቻ

አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። በዚህ ጽሑፍ «ቀስት» ስንል የሚለጠጠውን ደጋን፣ «ፍላጻ» ስንል የሚወነጨፈውን፣ «አውታር» ስንል ደግሞ የቀስቱን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘውን ጅማት ወይም ገመድ ማለታችን ነው። እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበትን ደጋን ያየ ሰው የቀስትን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። የጎበጠ እንጨት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ሲታገል በውስጡ ያከማቸውን ጉልበት ለአውታሩ ያስተላልፋል፤ አውታሩም ለፍላጻው።

ይህ ዕውቀት እጅግ ጥንታዊ ነው። በደቡብ አፍሪካ በሲቡዱ ዋሻ የተገኙት፣ ከ60,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያላቸው ትናንሽ የድንጋይ ስለቶች የፍላጻ ጫፎች እንደነበሩ ያጠኗቸው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘውና ከ5,300 ዓመታት ገደማ በፊት የኖረው «ኦትሲ» የተባለው ሰው፣ 1.82 ሜትር ርዝመት ያለው ሥራው ያላለቀ ቀስትና 14 ፍላጻዎች በአጠገቡ ተገኝተዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አዳኙ ባህላዊ ቀስቱን ሙሉ በሙሉ ሲለጥጥ 200 ኒውተን ያህል ኃይል ይጠቀማል እንበል፤ ይህም 20 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ እንደ ማንሳት ነው። አውታሩ ወደ ኋላ የሚሳብበት ርቀት ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ ኃይሉ ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ስለሚያድግ፣ የሚከማቸው እምቅ ጉልበት የሁለቱ ብዜት ግማሽ፣ ማለትም 50 ጁል ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ወደ ፍላጻው ቢተላለፍ፣ 30 ግራም የሚመዝን ፍላጻ በሰከንድ 50 ሜትር ይወነጨፋል። የእንቅስቃሴ ጉልበቱም 37.5 ጁል ነው። በአንጻሩ 10 ግራም የሚመዝን የአደን ጠመንጃ ጥይት በሰከንድ 800 ሜትር ሲበር 3,200 ጁል ይይዛል። ልዩነቱ ከ80 እጥፍ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ፍላጻ እንዴት ይገድላል?

ጥይት የያዘው ብዙ ጉልበት በዙሪያው ያለውን የአካል ክፍል ጭምር ይጎዳል። ፍላጻ ግን ይህን ያህል ጉልበት ስለሌለው የሚገድለው በመቁረጥ ነው። የተሳለ ጫፉ ሳንባን ወይም ልብን ሲቆርጥ ብዙ ደም በአጭር ጊዜ ይፈስሳል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ አንጎልም ኦክስጅን ያጣል። ሁለቱም ሳንባዎች ወይም ልብ የተቆረጡበት እንስሳ ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። ፍላጻው ሆድ ዕቃን ከመታ ግን እንስሳው ለብዙ ሰዓታት ሊሠቃይ ይችላል። በፈጣን ሞትና በረጅም ሥቃይ መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። በሰሜን አሜሪካ በቀስት በብዛት በሚታደነው ጭራ ነጭ አጋዘን ላይ ይህ ወሳኝ የአካል ክፍል ስፋቱ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም።

ርቀት ለምን ይወስናል?

ፍላጻው ሲበር የመሬት ስበት ወደ ታች ይስበዋል። አዳኙ ይህን ለማካካስ ከፍ አድርጎ ያነጣጥራል፤ ነገር ግን ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንዳለበት የሚያውቀው ርቀቱን በትክክል ሲገምት ነው። የአየርን ተቃውሞ ትተን እናስላ። እንስሳው 10 ሜትር ላይ ነው ብሎ ያነጣጠረ ሰው እውነተኛው ርቀት 12.5 ሜትር ቢሆን፣ ፍላጻው ካለመበት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። 20 ሜትር ብሎ 25 ሜትር ቢሆንበት ስሕተቱ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። 40 ሜትር ብሎ 50 ሜትር ቢሆንበት ደግሞ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። የግምቱ ስሕተት በሦስቱም ላይ ያው ነው፤ ውጤቱ ግን ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በአራት እጥፍ ያድጋል።

ሁለተኛው ችግር ድምፅ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የአውታሩ ድምፅ ከፍላጻው ቀድሞ ይደርሳል። በ20 ሜትር ርቀት ላይ ድምፁ በ0.06 ሰከንድ ሲደርስ ፍላጻው 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል። የደነገጠ አጋዘን ለመፈትለክ በመጀመሪያ እግሮቹን አጥፎ ሰውነቱን ዝቅ ያደርጋል። ከቀረው 0.34 ሰከንድ ውስጥ 0.2 ሰከንድ ያህል እንኳ በነጻ ቢወድቅ ሰውነቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ያ ስንዝር ሙሉውን ነው። በ40 ሜትር ላይ የሚያገኘው ጊዜ 0.68 ሰከንድ ነው። በ10 ሜትር ላይ ግን 0.17 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ እምብዛም አይንቀሳቀስም። እንግዲህ አነጣጥሮ መምታት የሚችል እጅ ብቻውን በቂ አይደለም። በረጅም ርቀት ላይ ውጤቱ ከአዳኙ ችሎታ ውጭ ይሆናል።

ድክመትን በመርዝ መሙላት

ለመብላት የሚያድኑ ሕዝቦች ለዚህ ድክመት ካገኟቸው መፍትሔዎች አንዱ መርዝ ነው። በሰሜን ታንዛኒያ በኤያሲ ሐይቅ አካባቢ የሚኖሩት ሐድዛዎች ለትልልቅ እንስሳት ከዕፀዋት የተቀመመ መርዝ የተቀባ ፍላጻ ይጠቀማሉ፤ የተመታውንም እንስሳ ወዲያው ሳያሳድዱ ጠብቀው ዱካውን ይከተላሉ። በኬንያ በጻቮ አካባቢ የሚኖሩትና የኦሮሞ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት ዋታዎች በትልልቅ ቀስትና በመርዝ ዝሆን ሳይቀር ያድኑ ነበር።

የዋታዎቹ መርዝ ምንጭ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አኮካንቴራ ከተባለው የዕፀዋት ወገን ሲሆን፣ አንዱ ዝርያ በአገራችን «መረንዝ» በመባል ይታወቃል። ሳይንሳዊ ስሙም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ኖሮ ዕፀዋትን ለሰበሰበው ጀርመናዊ ለሺምፐር መታሰቢያ ሆኗል። ከዚህ ወገን የሚገኘው ዋባይን የተባለ ንጥረ ነገር ስሙን ያገኘው «ዋባዮ» ከሚለው የሶማልኛ የፍላጻ መርዝ መጠሪያ ነው። መርዙ በልብ ሕዋሳት ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚያመላልሰውን ፕሮቲን ሥራ በመግታት የልብን ምት ያዛባል። ዴንማርካዊው የንስ ስኩ ይህን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1957 ያገኘ ሲሆን፣ ማንነቱ የተረጋገጠውም በዋባይን አማካይነት ነው። በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። የአዳኞች ዕውቀት በዚህ መንገድ ለዘመናዊ ሳይንስ መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል።

የመቅረብ ፍላጎት

ዛሬ በአሜሪካ ባህላዊ የቀስት አደን ተብሎ የሚታወቀው እንቅስቃሴ ከሁለት ሰዎች ወዳጅነት ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል ከተማ አጠገብ፣ በሰፋሪዎች ከተጨፈጨፉት የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው የሆነ ሰው ብቻውን ተገኘ። ስሙን ሊናገር ስላልፈቀደ «ኢሺ» ተባለ፤ ትርጉሙ በቋንቋው «ሰው» ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲው ሙዚየም በኖረባቸው ዓመታት ሐኪሙ ሳክስተን ፖፕ ቀስት መሥራትንና ማደንን ከእርሱ ተማረ። ፖፕ እንደመዘገበው ኢሺ በረጅም ርቀት ዒላማ ላይ ያን ያህል አልነበረም። የላቀው አድፍጦ በመቅረብና የእንስሳትን ድምፅ አስመስሎ ወደ ራሱ በመጥራት ነበር። ከአደን በፊት ዓሣ አይበላም፣ ትምባሆ አያጨስም፣ ሰውነቱንም ይታጠብ ነበር። ኢሺ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። የፖፕ መጽሐፍ በ1923 ታትሞ ብዙዎችን ወደ ቀስት ሳበ። የዊስኮንሲን ግዛትም በ1934 በቀስት ብቻ የሚታደንበት ሕጋዊ የአጋዘን ወቅት ከፈተ።

የመስኩ መስህብ እዚህ ላይ ይገኛል። ጠመንጃ የያዘ ሰው 200 ሜትር ላይ ሆኖ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል። ባለ ቀስቱ ግን የነፋሱን አቅጣጫ፣ የእንስሳውን ጠባይ፣ የሚበላውን ቅጠልና የሚተኛበትን ጥላ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። አብዛኛውን ቀንም ባዶ እጁን ይመለሳል። መሣሪያው ባነሰ መጠን ዕውቀቱ መብዛት አለበት።

የኅሊና ጥያቄ

ይሁንና አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ። አዳኙ ችግሩን በፈቃዱ መረጠ፤ እንስሳው ግን አልመረጠም። የአዳኙ ፈተና ዋጋ የሚከፈለው በሌላ ፍጡር ሥቃይ ከሆነ «ፍትሐዊ ውድድር» ማለት ምን ትርጉም አለው? ተቃውሞው መሠረት የለሽ አይደለም። በሜሪላንድ በሚገኝ የባሕር ኃይል ግቢ ከ1989 እስከ 2006 በተደረገ ጥናት፣ በዘመናዊ ቀስቶች ከተመቱት አጋዘኖች 18 በመቶ ያህሉ አልተገኙም። ብሪታንያ በ1981 ባወጣችው ሕግ በቀስት ማደንን ስትከለክል፣ ፈረንሳይና ዴንማርክ ልዩ ሥልጠናን ወይም ፈተናን ቅድመ ሁኔታ አድርገው ፈቅደዋል።

ሌላም ጥያቄ አለ። ጻቮ በ1948 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን የዋታዎች የዘመናት አደን ወንጀል ሆነ፤ በ1950ዎቹም ብዙዎቹ ታሰሩ። ዝሆኖቹ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋቸው አይካድም። ነገር ግን በአንዱ አገር የመዝናኛ ፈቃድ የሚሰጥበት ተግባር በሌላው የሚያሳስር ከሆነ፣ የሚመዘነው ተግባሩ ነው ወይስ ፈጻሚው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። ለምግብ የሚያድነውና ለስሜት የሚያድነው በአንድ ሚዛን ሊለኩ አይገባም። ለስሜት የሚያድን ሰው መስህቡን ከድክመቱ ለይቶ ሊወስድ አይችልም። ቀስትን የመረጠው ለመቅረብ ከሆነ መቅረብ ግዴታው ነው። በ40 ሜትር ላይ የሚለቅቅ ሰው የቀስትን ደካማነት እንጂ ጥበቡን አልወሰደም። ስለዚህ ክህሎቱን በዒላማ ላይ ማረጋገጥ፣ ስለቱን መሳል፣ ያቆሰለውን እስከ መጨረሻው መከተል፣ ከሁሉም በላይ ከወሰነው ርቀት ውጭ አለመልቀቅ ይጠበቅበታል። ራሱም ቀስት ሠሪ የነበረው የሥነ ምኅዳር ሊቅ አልዶ ሊዮፖልድ እንዳመለከተው፣ አዳኝ በጫካ ውስጥ የሚያጨበጭብለትም ሆነ የሚገሥጸው ተመልካች የለውም። ዳኛው ኅሊናው ብቻ ነው። ሕግ ፈተና ሊያዘጋጅ ይችላል፤ አውታሩ ከተለጠጠ በኋላ ግን ሳይለቅቁ መልሶ ማላላት የሰውዬው ውሳኔ ነው።

ለማጠቃለል ያህል፣ አንባብያን ከላይ ያየነውን ስሌት በ30 ሜትር ላይ እንዲሞክሩት እንጋብዛለን። እውነተኛው ርቀት 37.5 ሜትር ቢሆን ስሕተቱ 55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ይገኛል። ይህን ቁጥር ከአንድ ስንዝር ጋር ያነጻጸረ ሰው፣ በቀስት አደን ላይ የሚኖረው አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ክርክሩ የስሜት ብቻ ሳይሆን የልኬትም ጭምር መሆኑን ይረዳል።