«ኮፐር» የሚል ድምፅ ያለው ቃል ሁሉ መዳብ ነው?

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች አዲስ የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥመን መጀመሪያ የምናደርገው ቃሉን መሰንጠቅ ነው። ከውስጡ የምናውቀው ቁራጭ ከተገኘ ትርጉሙም የተገኘ ይመስለናል። ዘዴው መጥፎ አይደለም። ነገር ግን ነገ መምህር ሆነን ሽንዲ ወይም ቡሬ ስንመደብ፣ በግምት ሰሌዳ ላይ የጻፍነው ትርጉም በክፍሉ ተማሪ ሁሉ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ ግምት የት ድረስ እንደሚያስኬድ ማወቅ አለብን። እስቲ ከመዳብ ጋር የተያያዙ፣ ወይም የተያያዙ የሚመስሉ፣ ጥቂት ቃላትን እንመልከት።

1. ኮፐር፦ መዳብ ነው። ሮማውያን መዳብን ከቆጵሮስ ደሴት ያስመጡ ስለነበር የቆጵሮስ ማዕድን ይሉት ነበር፤ ስሙ እያጠረ ሄዶ በላቲን ኩፕሩም ሆነ። በኬሚስትሪ የመዳብ ምልክት «ሲ ዩ» የሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው፤ «ሲ ኦ» የኮባልት ነው። ቃሉ በብዙ ቁጥር «ኮፐርስ» ሲባል ደግሞ ዝርዝር ሳንቲም ማለት ይሆናል። የአክሱም ነገሥታትም ከወርቅና ከብር ሌላ የመዳብ ሳንቲም ያስቀርጹ ስለነበር ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም።

2. ቨርዲግሪስ፦ መጨረሻውን ሰምቶ ጋራዥ ውስጥ የምናውቀው ግሪስ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ቃሉ ግን ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «የግሪክ አረንጓዴ» ማለት ነው። መዳብና ናስ እርጥበትና አየር ሲያገኛቸው የሚለብሱት አረንጓዴ ዝገት ነው። ሳይወለወል የቆየ የናስ መስቀል ላይ የሚታየው ይኸው ነው።

3. ኮፐራስ፦ እዚህ ላይ መሰንጠቅ ይጥላል። ኮፐራስ ውስጥ መዳብ የለም! አረንጓዴ የብረት ሰልፌት ነው። ቃሉ ድሮ የመዳብንም የብረትንም ሰልፌት ይጠራ ነበር፤ በኋላ ለብረቱ ብቻ ቀረ። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ሌላ ነገር ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ስህተት አይደለም።

4. ኮፒስ፦ ከመዳብ ጋር ዝምድና የለውም። መነሻው «መቁረጥ» የሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ነው፤ ኩፖን የምንለውም ከዚያው ነው የመጣው። ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ማድረግ ወይም እንዲህ የሚያዝ ቁጥቋጦ ደን ማለት ነው። በምዕራብ ጎጃም ገበሬ ባሕር ዛፉን ቆርጦ አጣናውን ሲሸጥና ጉቶው ሲያቆጠቁጥለት ያየ ሰው ትርጉሙን አይረሳውም።

5. ብራስ፦ ዛሬ ናስ ማለት ነው፤ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠራ። ነሐስ ግን ብሮንዝ ነው፤ መዳብና ቲን። ታዲያ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዘዳግም 8፥9 ላይ ከተራራ ብራስ እንደሚቆፈር ይናገራል። ናስ በሰው እጅ የሚቀላቀል ነውና ከመሬት አይቆፈርም። ተርጓሚዎቹ ግን አልተሳሳቱም፤ በዘመናቸው ብራስ መዳብንም ይጨምር ነበር። አማርኛው መጽሐፍ እዚያው ላይ መዳብ ይላል። እኛም በንግግር ናስና ነሐስን እያቀላቀልን አይደል?

እንግዲህ ከእነዚህ ቃላት የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። ቃሉን መሰንጠቅ ጥሩ መነሻ ነው፤ ቀጥሎ ግን በዙሪያው ያለው ዓረፍተ ነገር ግምታችንን ይቀበል እንደሆነ ማየት፣ በመጨረሻም የቃሉን አመጣጥ ከሚናገር መዝገበ ቃላት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «ኮፐርሄድ» የሚለውን ቃል ብቻውን ብናገኘው የመዳብ ሐውልት ሊመስለን ይችላል። «ኮፐርሄድ ነደፈው» የሚል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስናየው ግን ሐውልት እንደማይናደፍ እናስባለን። መዝገበ ቃላቱም ራሱ የመዳብ መልክ ያለው የሰሜን አሜሪካ መርዘኛ እባብ መሆኑን ይነግረናል።

ተማሪ «ቲቸር፣ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀን «ነገ አይቼ እነግርሃለሁ» ማለት አያሳፍርም። የሚጎዳው እርግጠኛ ያልሆኑበትን ትርጉም ለስድሳ ልጅ ማስገልበጥ ነው።