ቤትን አስቀድሞ ሸጦ ሌላ ቤት ስለ መፈለግ

አስተዋይ ነጋዴ በመደብሩ ያለውን የመጨረሻ ጆንያ ከመሸጡ በፊት የሚቀጥለው ጭነት ከየት እንደሚመጣ፣ በስንት ዋጋ እንደሚገባና በየትኛው ቀን እንደሚደርስ ያሰላል። ዕቃው ቢያልቅና ምትኩ ቢዘገይ ደንበኛው ወደ ጎረቤቱ ሱቅ እንደሚሄድ ጠንቅቆ ያውቃልና። ይኸው ነጋዴ ግን ቤተ ሰቡ የሚኖርበትን ቤት በሚሸጥበት ጊዜ ይህን ጥንቃቄ ሲዘነጋው ብዙ ጊዜ ይታያል። ደላላ ጥሩ ገዢ አምጥቶለት እንደሆነ ይፈርማል፤ ገንዘቡንም ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚኖር መጠየቅ ይጀምራል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው እንደዚህ ላለው ሰው ነው።

የሆነ ሆኖ፣ ቤትን አስቀድሞ መሸጥ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። አስቀድሞ የሸጠ ሰው በእጁ ምን ያህል ገንዘብ እንዳለ በእርግጥ ያውቃል። አስቀድሞ የገዛ ሰው ግን የራሱ ቤት በስንት እንደሚሸጥ ሳያውቅ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ የትኛው ይቅደም የሚለው ብቻ አይደለም። በሁለቱ ውሎች መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል ነው፣ በዚያስ ጊዜ ውስጥ የሚመጣውን ጉዳት የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ይበልጥ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጻፈው ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

1ኛ. ስለ ቀብድ

በአገራችን የቤት ሽያጭ በአብዛኛው የሚጀመረው በቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ውል መደረጉን እንደሚያስረዳ በቁጥር 1883 ይገልጻል። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ የሰጠው ቀብድ እንደሚቀርበት፣ ቀብድ የተቀበለ ወገን ቢያፈርስ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል።

ቤቱን ለውጦ ሌላ ቤት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው በዚህ ሕግ በሁለቱም ወገን ሊያዝ ይችላል። በቤቱ ላይ ቀብድ ተቀብሎ ሌላ ቤት ቢያጣና ሐሳቡን ቢለውጥ እጥፉን ይከፍላል። በሚገዛው ቤት ላይ ቀብድ ሰጥቶ የራሱ ቤት ሳይሸጥ ቀኑ ቢደርስበት ቀብዱ ይቀርበታል። በዚህ ምክንያት ቀብድ መቀበልም ሆነ መስጠት እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። በውሉም ላይ የተከፈለው ገንዘብ ቀብድ መሆኑ ወይም የዋጋው ከፊል ክፍያ መሆኑ በግልጽ ቃል ሊጻፍ ይገባል፤ በኋላ ክርክር ቢነሣ የሁለቱ ውጤት አንድ አይደለምና።

2ኛ. ለትምህርት የተሰናዳ ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሱቁ በመርካቶ፣ ቤቱ በጉለሌ የሆነ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ልጆቹ አድገዋል፤ ደረጃ መውጣት የማይችሉ አረጋዊት እናቱም ከእርሱ ጋር ሊኖሩ ነው። ቤቱ 8,000,000 ብር ያወጣል፤ በባንክ 1,000,000 ብር ቁጠባ አለው፤ የሚፈልገው ዓይነት ቤት ዋጋም 9,000,000 ብር ነው።

ይህ ሰው አስቀድሞ ቢሸጥና ሌላ ቤት ለማግኘት 6 ወር ቢፈጅበት፣ በወር 30,000 ብር ተከራይቶ 180,000 ብር ያወጣል። ዕቃውን አንድ ጊዜ በማጓጓዝ ፈንታ ሁለት ጊዜ ስለሚያጓጉዝ 40,000 ብር ይጨመርበታል። በነዚህ 6 ወራት የቤት ዋጋ 8 ከመቶ ከፍ ቢል የሚፈልገው ቤት በ720,000 ብር ይወደድበታል። በዓመት 7 ከመቶ ወለድ ቢያገኝ ከሽያጩ ገንዘብ በ6 ወር የሚያገኘው 280,000 ብር ነው። ሲጠቃለል 660,000 ብር ይጎድልበታል። የቤት ዋጋ ባለበት ከቆመ ግን ወለዱ ወጪውን ሸፍኖ 60,000 ብር ይተርፈዋል።

አስቀድሞ ቢገዛስ? ከቁጠባው 900,000 ብር ቀብድ ሰጥቶ ቀሪውን 8,100,000 ብር በ2 ወር ውስጥ ለመክፈል ተዋዋለ እንበል። ቤቱ በነዚህ 2 ወራት ውስጥ በደህና ዋጋ ቢሸጥለት ኪራይም ሁለተኛ ጉዞም የለበትም፤ ከሁሉ የሚሻለውም ይህ ነው። ገዢ ቢጠፋ ግን ከሁለት አንዱ ይደርስበታል፤ ወይም 900,000 ብር ቀብዱን ያጣል፣ ወይም ቤቱን ከዋጋው 10 ከመቶ አውርዶ በ800,000 ብር ኪሣራ ይሸጣል። ከዚያም በላይ ዋጋውን ከቀነሰ ከየት አምጥቶ እንደሚሞላ ገና ይጨነቃል።

ከዚህ ሒሳብ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ አስቀድሞ የሸጠ ሰው የሚጎዳው ቀስ በቀስ ነው፣ ፍለጋውን በማፋጠንም ጉዳቱን ሊያቆመው ይችላል። አስቀድሞ የገዛ ሰው የሚጎዳው በአንድ ቀን ነው፣ ያንም ቀን ሊያዘገየው አይችልም። ስለዚህ የቤት ገዢ በቶሎ በማይገኝበት ወቅት አስቀድሞ መሸጥ፣ ገዢ በበዛበትና ዋጋ በየጊዜው በሚወጣበት ወቅት ደግሞ የሚገዛውን አስቀድሞ መያዝ የተሻለ ይሆናል።

3ኛ. በመካከል ስለሚቀመጥ ገንዘብ

ቤቱን የሸጠ ሰው ራሱን እንደ ባለጸጋ ይቆጥራል። ነገር ግን በእጁ ያለው ቤት ሳይሆን ብር ነው፤ ብርና ቤት ደግሞ ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚያ ቀን በፊት ቤቱን ሸጦ ብሩን ይዞ የተቀመጠ ሰው የብሩ ቁጥር አልጎደለበትም፤ ከውጭ በሚገባ ብረትና የቤት ማጠናቀቂያ ዕቃ ሲለካ ግን ገንዘቡ ያው አልነበረም። የባንክ ወለድም ቢሆን ይህን የመሰለውን ለውጥ አይተካም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ግን የኑሮ ውድነቱ በተደጋጋሚ ከዚህ መጠን እጅግ በልጦ ታይቷል።

ለነጋዴ ደግሞ ከዚህ የከፋ ሌላ ፈተና አለ። ይኸውም የቤቱን ገንዘብ «ለጥቂት ሳምንት ብቻ» ብሎ ወደ ንግዱ ማስገባት ነው። ገንዘብ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ማየት ለነጋዴ ይከብደዋል፤ ርካሽ ዕቃ ተገኘ ሲባልም ልቡ ይነሣሣል። ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ቢዘገይ፣ ወይም በዱቤ የወሰደው ሰው ቀኑን ቢያሳልፍ፣ ለብዙ ጊዜ ሲፈለግ የነበረው ቤት በዚያው ሳምንት ለገበያ ይወጣና በሌላ ሰው እጅ ይገባል። በንግድ የሚደርስ ኪሣራ ነጋዴ የለመደው ነው፤ ይህ ኪሣራ ግን የሚስትንና የልጆችን መጠለያ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የቤት ገንዘብ ከንግዱ ሒሳብ ተለይቶ በሌላ የባንክ ደብተር ሊቀመጥ፣ ከባልና ከሚስት ሁለቱም ካልፈረሙ በቀርም እንዳይወጣ ሊደረግ ይገባል።

4ኛ. የሚለቀቀውና የሚገዛው ይዞታ እኩል ስላለመሆኑ

በአገራችን መሬት አይሸጥም፤ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፣ እንዲሁም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት፣ የሚሸጠው በቦታው ላይ ያለው ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል። ስለዚህ ከአባቱ ወይም ከቀድሞ ዘመን የቆየ ነባር ይዞታ ያለው ሰው ቤቱን ሸጦ ሌላ የነባር ይዞታ ቤት ቢገዛ፣ የለቀቀውን ዓይነት መብት መልሶ ላያገኝ ይችላል። በሚገዛው ቤት ላይ ምን ያህል የሊዝ ክፍያ እንደሚመጣ፣ የስም ማዛወሪያው፣ የቴምብር ቀረጡና በሽያጩ ላይ የሚጠየቀው ግብር ስንት እንደሆነ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ ዋጋ መቁረጥ አይገባም። ከነዚህ ወጪዎች የትኛውን ሻጭ፣ የትኛውንስ ገዢ እንደሚከፍል በውሉ ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

5ኛ. ሁለቱን ውሎች ስለ ማያያዝ

ከላይ የተነገረው ጉዳት ሁሉ የሚቀነሰው ሁለቱ ውሎች አንዱ ሌላውን እያየ ሲጻፉ ነው። ለዚህም አራት መንገድ አለ።

ሀ) የማስረከቢያውን ቀን ማራቅ። ሻጩ ከፈረመ በኋላ 3 ወይም 4 ወር በቤቱ ለመቆየት ሊስማማ ይችላል። ገዢው በዚህ እንዲስማማ ከዋጋው የተወሰነው ክፍል ቤቱ በሚረከብበት ቀን የሚከፈል ይሆናል። ሻጩ በዚህ ጊዜ ውስጥ ዋጋውን አውቆ፣ ኪራይ ሳይከፍል፣ ሌላ ቤት ይፈልጋል።

ለ) የቀብዱን ቅጣት መለወጥ። ሻጩ በተወሰነ ቀን ውስጥ ሌላ ቤት ካላገኘ የተቀበለውን ቀብድና በውሉ የተቆረጠ መጠነኛ ካሣ መልሶ ውሉን እንዲተው ሊስማሙ ይችላሉ፤ ሕጉም የእጥፉን ቅጣት ያዘዘው ሌላ ስምምነት በሌለ ጊዜ ነው። ገዢው ይህን የሚቀበለው ቀኑ አጭርና ካሣው እውነተኛ ሲሆን ነው።

ሐ) በሚገዛው ቤት ላይ ትንሽ ቀብድ ሰጥቶ ረዘም ያለ የክፍያ ጊዜ መጠየቅ። ዋጋው ጥቂት ቢጨምር እንኳ ይህ መንገድ ለችኮላ ሽያጭ ከሚከፈለው ኪሣራ ብዙ ጊዜ ያንሳል።

መ) መከራየት ግድ ሲሆን የኪራዩን ሕግ ማወቅ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ በቅድሚያ የሚከፈለውም ኪራይ ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለ6 ወር ብቻ የሚከራይ ሰው በምን አኳኋን እንደሚለቅ አስቀድሞ ከአከራዩ ጋር ሊነጋገር ይገባዋል።

6ኛ. ከመፈረም በፊት ሊረጋገጥ ስለሚገባው

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል እንዲመዘገብ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 ያዛል። ባለቤትነቱም ወደ ገዢው የሚተላለፈው፣ በቁጥር 1185 እንደተጻፈው፣ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲገባ ነው። ስለዚህ በደላላ ቤት የተጻፈች ወረቀት ይዞ የራሱን ቤት የለቀቀ ሰው ገና ቤት አልገዛም። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ፊርማ ብቻ ያለበት ውል ኋላ ሊፈርስ ይችላል። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ከሚመለከተው ክፍል መቀበል፣ ካርታውንም ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ ስለሚደረግ ሽያጭም ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቋረጣልና፣ ገዢው ኋላ ከወራሾች ጋር ክርክር ሊገጥመው ይችላል።

በመጨረሻም፣ ቤቱን ለገበያ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ እንደ ገዢ ሆኖ ገበያውን ሊዞር ይገባዋል። በሚፈልገው ሰፈር ቢያንስ 10 ቤት ገብቶ ይይ፤ የሚጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን በእውነት የተሸጠበትን ዋጋ ይጠይቅ፤ ከቤተ ሰቡም ጋር ተማክሮ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ምን ዓይነት ቤት እንደሚያገኝ ይገምት። ይህን ካደረገ በኋላ ቢሸጥ፣ ሽያጩ ወደሚቀጥለው ቤት የሚያሻግረው ድልድይ ይሆንለታል። ይህን ሳያደርግ የሚሸጥ ሰው ግን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ቤቱን በቤት አልለወጠም፤ ቤቱን በፍለጋ ለወጠ እንጂ።