ከትምህርት ቤት ውጭ የተማሩትን እንዴት እንቅረጽ?

ጥያቄ፦ ሽንዲ ውስጥ የወጣቶች ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ከቤተሰብና ከጎረቤት የተማሩትን ሙያ በስልክ ልንቀርጽ አስበናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከአንድ ልጅና ከአንድ ሙያ ጀምሩ። አካባቢያችሁ የበርበሬ አገር ነው፤ ችግኝ ማፍላትን ከእናቷ የተማረች ልጅ ካለች እሷን ምረጡ። ችግኙ ከመደብ ወደ ማሳ ሲዛወር፣ ቀዩ ሲለቀም፣ ሲሰጣ እየተመላለሳችሁ ቅረጹ። ወራት ይፈጃል፤ ትምህርቱም የሚታየው በዚያ ርዝመት ውስጥ ነው።

ብዙ ክበቦች ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጠው ስለ ሙያው ያስወሩታል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እውቀቱ ያለው እጁ ላይ ነው። መጀመሪያ እጁን ቅረጹ፣ ሲሳሳትና እናቱ ስታርመው አታቋርጡ። ጥያቄው ኋላ ይመጣል፦ «መጀመሪያ ላይ ምን ተበላሸብህ? ማን አሳየህ?» የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘ ፊልሙን በጥቁርና ነጭ ሲሠራ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን ተጠቅሟል። እናንተም የተለየ ሰው አትፈልጉ።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል፤ ስልኩን ወደ ተናጋሪው አስጠጉ፣ ከነፋስ ከልሉት። የምትቀርጹት የቅኔ ቤት ተማሪ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ የኔታን አስፈቅዱ፤ ለሕፃናት የወላጅ ፈቃድ ግድ ነው። ቅጂውን በሁለት ቦታ አኑሩ፤ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተናጋሪውን ስም በዚያው ዕለት ጻፉበት።