እታለም፣ ስለ ሌሊቱ ንገሪኝ

እታለም፣ ስልኩን አስቀምጪውና ስሚኝ። የምትወጂውን ልጅ የዘፈን ቪዲዮ ስንት ሰው እንዳየው ነግረሽኛል፤ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ግን አልነገርሽኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌሊቱ ነው።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ፣ በፈረሰኞቹ በዓል በአገውኛ ሲያዜም እኔም ነበርሁ። ድምፁ ሰው ያስለቅሳል፣ አልክድም። የዳንግላ ልጅ በጥቂት ወራት አገር ሲያውቀው ያኮራል። ግን ያ ልጅ ቀድሞም እንቅልፍ አልነበረው። አባቱን ከቀበረ ወዲህ አረቄ ካልቀመሰ አይተኛም፤ ሲከፋው ሳምንት ሙሉ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ይህን የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ዝናው ሕመሙን ሸፈነው እንጂ አላዳነውም። አሁን አረቄውን የሚከፍልለት በዝቷል፤ «ተው» የሚለው ግን አንሷል።

ሙሉቀን መለሰን አስቢው፣ የእኛኑ የጎጃም ልጅ። እናቱን በልጅነቱ አጥቶ ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ ገባ፤ ጢም ሳያወጣ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ቆመ። ከዳህላክ ባንድ ጋር በሠራባቸው ዓመታት እሱን የማይሰማ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ በ1970ዎቹ የወንጌል አማኞችን እምነት ተቀብሎ ዓለማዊ ዘፈኑን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሚያዝያ 2016 አሜሪካ እስኪያርፍ ድረስ አድናቂው «ምነው በተመለሰ» ሲል ኖረ። የልቡን እሱና አምላኩ ያውቃሉ። እኔ የሚታየኝ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየወደደው ሊያቆየው አለመቻሉ ነው። ሕዝብ ያልቻለውን አንቺ ብቻሽን እችላለሁ አትበይ።

እንግሊዛዊቷ ኤሚ ዋይንሃውስም በፈረንጆቹ 2008 በአንድ ምሽት አምስት የግራሚ ሽልማት ወስዳ፣ በ2011 በ27 ዓመቷ መጠጥ ገደላት። የሚወዳት ሰው አጥታ አልነበረም።

ተለዪው አላልሁሽም፤ ውደጂው። ግን ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞች አሉ፤ እሺ ካለ አብረሽው ሂጂ። እናቱ ጠበል ካሉም ይጠመቅ፤ ጠበሉና ሐኪሙ አይጣሉም። እሺ ካላለ ግን እየጎተትሽ አታድኚውም፤ ከእሱ ጋር ነቅተሽ ብታድሪም ያው ነው።

ጓደኞቹ «ከዳነ ዜማው ይጠፋበታል» ይላሉ አሉ። አትስሚያቸው፤ ይህ ወሬ ያናድደኛል። ያቺን ያስለቀሰችንን ዜማ የሠራት ሳይጠጣ በቆየባቸው ሳምንታት አይደለም እንዴ? ሰክሮ የቀዳቸውንማ ራሱም ደግሞ አይሰማቸው።

አዲስ አበባ የጠሩት ሰዎች ውል እንዲፈርም ይፈልጋሉ ብለሻል። ጠበቃ ሳያየው እንዳይፈርም፣ ይህን አጥብቀሽ ንገሪው። አንቺ ግን አትከተይው፤ ዩኒቨርሲቲው አንድ ዓመት ነው የቀረሽ። የሚወድሽ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፣ ይመላለሳል። ተመርቀሽ በራስሽ ደመወዝ ብትሄጂ አልከለክልሽም።

አንድ ነገር ብቻ አልታገሥም። እጁን ካነሳብሽ፣ ሕመሙንም ሐዘኑንም ምክንያት አድርገሽ አታውሪልኝ። በዚያው ሌሊት እኔ ቤት ነይ፤ ደውለሽ ፈቃድ አትጠይቂ። ለባሌም ነግሬዋለሁ፣ መኝታሽም ተዘጋጅቷል።